ተረከዟን የደበቀችው ጥንቸል

ልጆች፣ ጠጋ ጠጋ በሉ፤ ከኋላ ያላችሁትም እንድትሰሙ። ይህ የሆነው ድሮ ነው። ሽቦ አፍ አውጥቶ ይመክር፣ ዝንብም «ምስጢር እጠብቃለሁ» ብላ ትምል በነበረበት ዘመን ነው።

በዚያ ዘመን ወይዘሮ እታገኝ የሚባሉ ሴት ነበሩ። ወይዘሮ እታገኝም አንዲት ጥንቸል ነበረቻቸው። ጥንቸሏ እንደ ጥጥ ነጭ ነበረች፣ ወፍራምም ነበረች፣ ስሟም ድንቡሼ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ወይዘሮ እታገኝ ገና «ተቀመጡ» ሳይሉ «ድንቡሼን አያችኋት?» ይላሉ። እንግዳውም ጎንበስ ብሎ «ወይ ንጣት! ወይ ውበት!» ይላል። ድንቡሼ ይህን ስትሰማ ጆሮዋን ቀጥ ታደርጋለች። በቀን አምስት ጊዜ ቢሏትም አይበቃትም ነበር።

የድንቡሼ ቤት ግድግዳው እንጨት፣ ወለሉ ሽቦ ነበር። ሽቦው ደግ ባይሆንም ውሸት አያውቅም። ገና በገባችበት ቀን እንዲህ አላት፦

«እመት ድንቡሼ፣ እኔ ሽቦ ነኝ። ቀጭን ነኝ፣ ጠንካራ ነኝ፣ እቆረቁራለሁ። ደረቅ ሣር ይነጠፍብኝ በያቸው።»

«ሣር? ፀጉሬን አቆሽሾ ቢጫ ሊያደርገኝ? አይሆንም!» አለች ድንቡሼ።

ወይዘሮ እታገኝም «እውነቷን ነው፣ ንጣቷ ይበላሻል» አሉ። ሣሩ ሳይነጠፍ ቀረ። ይባስ ብለው ጠዋት ጠዋት ሽቦውን በውኃ እያጠቡ፣ ሳይደርቅ እርጥቡ ላይ ያስቀምጧት ጀመር። በየበዓሉ ለእንግዳ እግር ቄጤማ የሚጎዘጉዙት ሴት፣ ለጥንቸላቸው እግር ማሰቡን ረሱት።

በዚያው ግቢ አንድ አህያ ነበር። ጭነት ጀርባውን ልጦት ስለነበር ወይዘሮ እታገኝ ፀሐይ ላይ ያቆሙትና ቁስሉን ለብ ባለ የጨው ውኃ ያጥቡለታል። አህያውም ዝም ብሎ ይታጠባል። አንድ ቀን ታዲያ ግቢው በእንግዳ ተሞልቶ ሳለ ድንቡሼ ከቤቷ ውስጥ ጮኸች።

«ስማ አንተ አህያ! ይህን ቁስል ይዘህ ሰው ፊት ስትቆም አታፍርም? በጨዋ ቤት እንዲህ ይደረጋል? እስቲ እኔን እየኝ፣ እንከን አለብኝ?»

እንግዶቹ ሳቁ። ዶሮዎቹም ሳቁ። አህያው ጆሮውን ጥሎ ወደ አጥሩ ጥግ ሄደ። ድንቡሼ የዚያን ቀን ደስታዋ ወሰን አልነበረውም።

ብዙም አልቆየ። የኋላ እግሯ ተረከዝ ላይ ፀጉሩ ሳሳ። ቀጥሎ ቆዳው ቀላ። ቀጥሎ ተሰነጠቀና ደማ። ድንቡሼ ቁስሉን ስታይ ክው አለች። «እመቤቴ፣ እዩልኝ» ልትል አፏን ከፈተች። ወዲያው ግን አህያውን ያለችው ትዝ አላትና አፏን መልሳ ገጠመችው። «አህያውን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ያዋረድኩት እኔ፣ አሁን በምን አፌ ቆሰልኩ እላለሁ?» አለች። ቁስሏ ላይ ቁጭ አለችበት። ጥንቸል ስትቀመጥ ተረከዟ ከሥሯ ይገባልና፣ ከላይ ላያት ሰው ያው የድሮዋ ነጭ ድንቡሼ ነበረች።

መጀመሪያ ወይዘሮ እታገኝ ጠየቋት።

«ድንቡሼ፣ ምነው መዝለል ተውሽ?»

«ወፍሬ ነው እመቤቴ» አለች።

ቀጥላ ከዶሮዎቹ አንዷ ጠየቀቻት።

«ድንቡሼ፣ ምነው ጎመኑን ሳትበዪ ተውሽው?»

«ጾም ላይ ነኝ።»

«እንዴ! ጎመን ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የፍስክ የሆነው?» አለች ዶሮዋ። ድንቡሼ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

በመጨረሻ አህያው ጠየቃት። ከዚያ ቀን ወዲህ አነጋግሯት አያውቅም ነበር።

«ጥንቸሊት፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጎንሽ አዘንብለሽ ትቀመጫለሽ። ያመመሽ ነገር አለ?»

ከሁሉም የከበዳት ይሄኛው ነው። ሳቅ ቢልባት በተሻላት ነበር። «የትልቅ ቤት ልጅ አይሯሯጥም» ብላ ቀና ለማለት ሞከረች። እግሯ ግን እንደ እሳት ለበለባትና ጥርሷን ነከሰች።

ይህን ሁሉ ጣራው ላይ ቁጭ ብላ የምትሰማ ዝንብ ነበረች። እጇን እያሻሸች ወረደች።

«እመት ድንቡሼ፣ እኔ ሁሉን አውቃለሁ። አይዞሽ፣ ለማንም አልናገርም።»

ድንቡሼ ደነገጠች። «ማን ነገረሽ?»

«ሽታሽ። እኔ እንደሆንኩ ምስጢር አላወጣም። ያንቺን ጉድ እኔ እይዝልሻለሁ፣ አንቺ ደግሞ ልጆቼን ለሁለት ቀን እዚያች ቁስል ላይ አሳድሪልኝ። ጥቃቅን ናቸው፣ አይታዩም።»

«ለማንም አትናገሪም?»

«እናቴን ያጥፋት!» አለች ዝንብ።

አሳፋሪ ነገር የያዘ ሰው «አልናገርብህም» ያለውን ሁሉ ወዳጅ ያደርጋል። ድንቡሼም እግሯን ሰጠቻት። ዝንብ እንቁላሏን ጥላ እየዘፈነች ሄደች።

ሁለት ቀን አልሞላም፣ ቁስሉ ውስጥ የሆነ ነገር ይርመሰመስ ጀመር። ድንቡሼ ዝንብን ጠራቻት።

«ልጆችሽ እየበሉኝ ነው!»

«ታዲያ ልጅ አይበላም እንዴ?»

«እናገራለሁ!»

«ተናገሪ!» አለች ዝንብ፣ እየሳቀች። «ለማን ልትናገሪ ነው? ለዚያ ለሰደብሽው አህያ?»

ድንቡሼን አተኮሳት፤ ትኩሳቱ እስከ ጆሮዋ ወጣ፣ ዓይኗ ፈዘዘ። ሌላ ሁለት ቀን እንዲህ ከዋለች እንደማትተርፍ ገባት። በእንጨቶቹ መካከል አሻግራ ስታይ አህያው ገለባውን እያኘከ ቆሟል። በዚህ ግቢ ውስጥ ቁስል የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«አያ አህዮ» አለች ቀስ ብላ።

አህያው ማኘኩን አቆመ። «ዛሬ ደግሞ አያ ሆንኩ?»

ድንቡሼ አንገቷን ደፋች። «አያ አህዮ፣ አንዲት ጓደኛ አለችኝ። ቆስላለች። ምን ትሁን ብዬ ነው።»

«ቁስል ዓይነቱ ብዙ ነው» አለ አህያው። «ይህች ጓደኛሽ ጆሮዋ ውስጥ ቅርፊት አለ? ቀን ከሌት ታካለች? እንደዚያ ከሆነ እከክ ነው፣ በዓይን የማይታይ ተባይ ገብቶባታል።»

«የለም፣ አታክም።»

«ቆዳዋ ሥር ሲነኩት የሚያማት እብጠት አለ? ምናልባት ተቧጭራ ይሆናል፣ ወይ ተነክሳ። እሱ መግል ቋጥሯል ማለት ነው።»

«እብጠትም የለባትም።»

«እንግዲያስ ተረከዟ ነው? ፀጉሩ አልቆ፣ ቀልቶ፣ ተሰንጥቆ?»

ድንቡሼ እግሮቿን ይበልጥ ወደ ሥሯ ሰበሰበች።

«እሱ የወለል ቁስል ነው። ከእርጥብና ከሚቆረቁር ነገር ይመጣል። ጓደኛሽ ሽቦ ላይ ነው የምትኖረው?»

ድንቡሼ ዓይኗን ወደ ሽቦው ጣለች።

«ዝንብ አርፎበታል?»

ይሄኔ እንባዋ መጣ። «አያ አህዮ፣ ጓደኛ የለችኝም» አለች።

አህያው ረጅም ጊዜ አያት። አልሳቀባትም፣ አልሰደባትም። ለድንቡሼ ግን ቢሰድባት ይሻላት ነበር፤ መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። አህያውም አንገቱን ወደ ቤቱ አዙሮ ባለ በሌለ ኃይሉ አናፋ።

ቀኑ በዓል ነበር። ቤቱ ቄጤማ ተጎዝጉዞበት እንግዳ ሞልቶበታል። ወይዘሮ እታገኝ ከነእንግዶቻቸው ወጡ። ድንቡሼ አፏን ከፈተችና «እመቤቴ፣ ከሥሬ እዩልኝ» አለች። ብድግ አድርገው ገለበጧት። ሽታው ወጣ። አንዲት እንግዳ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች። ልጆቹ «ትል! ትል!» ብለው ጮኹ። ያ ሁሉ ሰው፣ ያው ንጣቷን ሲያደንቅ የነበረው ሰው፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

ድንቡሼ ዓይኗን ጨፈነች። ወይዘሮ እታገኝ ግን ከእሷም ይበልጥ አፈሩ። እግራቸው ሥር ያለውን ቄጤማ አዩ፣ ከዚያም ሽቦውን አዩ።

«ይህን ሁሉ ጊዜ ከላይ ከላይ ሳሻሽ ኖርኩ፤ አንድ ቀን እንኳ ገልብጬ አላየሁሽም» አሉ።

ሽቦው «ነግሬ ነበር» አለ።

አንዷ «ቅቤ ይቀባላት» አለች። ሌላው «እሷስ አበቃላት» አለ። ወይዘሮ እታገኝ እንግዶቻቸውን እዚያው ትተው፣ ድንቡሼን በነጠላ ጠቅልለው ወደ ከብት ሐኪሙ ወደ አቶ ደምመላሽ ሮጡ።

አቶ ደምመላሽ ተቆጣ። «አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አትደርሱላትም ነበር» አለ። ትሎቹን አንድ በአንድ በወረንጦ ለቀመ። በቁስሉ ዙሪያ ያለውን ፀጉር ቆረጠ፣ ለብ ባለ የጨው ውኃ አጠበው፣ በንጹሕ ጨርቅ አደረቀው፣ መርፌም ወጋት። ቅቤ ስለመቀባት ሲጠይቁት ራሱን ነቀነቀ።

«ቅቤ አትቀቡ። ትልሰዋለች፣ ቁስሉም ሳይደርቅ ይቀራል። ለሰው የተሠራ ቅባትም ዝም ብላችሁ አታድርጉባት። ሽቦው ላይ ወፍራም ደረቅ ሣር አንጥፉ፣ በረጠበ ቁጥር ቀይሩት። ጥፍሯ ረዝሞ እግሯን እያጣመመው ነውና ይቆረጥ። ከሁሉ በላይ ግን በየቀኑ ገልብጣችሁ እዩዋት።»

ወይዘሮ እታገኝ እንደተባሉት አደረጉ። ሣሩ ሽቦው ላይ ሲነጠፍ «እኔ አላቆሽሽም፣ ደረቅ ነኝ» አለ። ድንቡሼም ተቀመጠችበት፣ ለስላሳ ሆኖ አገኘችው፤ ስንቱን ቀን በከንቱ እንደተሠቃየች ስታስብ ደግሞ አፈረች። ዝንብ መጥታ «ወዳጄ» ብትላት ወይዘሮ እታገኝ በጭራ አባረሯት። ቁስሉ ቀስ በቀስ ጠገገ። ተረከዟ ላይ ግን ፀጉር ዳግም አልበቀለም።

መራመድ የቻለች ቀን፣ እያነከሰች ወደ አህያው ሄደች።

«አያ አህዮ፣ ያን ቀን ሰው ፊት ያልኩህ...»

ሳትጨርሰው መሬቱን በፊት እግሯ ጫር ጫር አደረገች።

«ጀርባዬ ከዳነ ሰነበተ» አለ አህያው። «ያልሽኝ ነገር ግን ዛሬም ይሰማኛል።»

ድንቡሼም «ምን ባደርግ ከልብህ ይወጣልሃል?» አለችው።

«እኔ እንጃ። ብቻ ሌላ ጊዜ ሲያምሽ ጓደኛ አትፍጠሪ፤ ቀድመሽ ንገሪኝ።»

ከዚያ ወዲህ እንግዳ መጥቶ «ወይ ንጣት!» ሲላት፣ ድንቡሼ ጆሮዋን አታቆምም። ዞር ትልና ያን ራሰ በራ ተረከዟን ትዘረጋለታለች። አህያውም ከአጥሩ ጥግ ሆኖ ያያል። በዘረጋች ቁጥር ጆሮዋ ውስጡ ይቀላል፤ አለማፈርን አልለመደችም። እያፈረችም ግን ታሳያለች።

በሉ ልጆች፣ እኔ ያለኝን አውጥቻለሁ፤ አሁን ተራው የእናንተ ነው፣ እየሄዳችሁ ከሥር ከሥር ተያዩ። ቁስል ያሳፍራል፣ አያሳፍርም አልላችሁም። ግን ለሚያክም እጅ አፍረንም ቢሆን እናሳይ፤ ደብቀነው የምናፈራው ወዳጅ ዝንብ ብቻ ነው።