ስሜን ማን አጠፋው?

አንዲት ሴት ነበረች። ባሏ የሞተባት፣ ዳቦ ጋግራ የምትሸጥ፣ ሰው ፊት ቀና ብላ የምትሄድ ሴት። ምድጃዋ አርጅቶ አላሠራ ቢላት አዲስ ልትገዛ ብድር ጠየቀች።

የብድር ቢሮው ሠራተኛ ስሟን ከነአባቷ ከነአያቷ ኮምፒውተር ላይ አስገባና ፊቱ ተለወጠ። «እናቴ፣ አይሆንም። ስለ እርስዎ ጥሩ መረጃ የለም» አላት።

ምን መረጃ? ከየት የመጣ? ማን የጻፈው? ጠየቀች? ኧረ ወዲያ! ከኋላዋ ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ላይ ጎረቤት አለ። ፊቷ በርበሬ መስሎ፣ ነጠላዋን ሳብ አድርጋ ወጣች።

ወገኖቼ፣ ይሄ ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ቤት አፈረሰ!

እሷ የምታውቀው እቁብን ነው። እቁብ ልትገቡ ስትሉ ምን ይደረጋል? ሰብሳቢው ጎረቤታችሁን፣ ዘመዳችሁን «እንዴት ያለች ናት?» ብሎ ይጠይቃል። እዚያም እንዲያ መሰላት። «አንድ ሰው አምቶኛል» አለች። ማን? እዚያ ቢሮ ጽዳት የምትሠራ፣ የእናቷ ልጅ፣ ታናሽ እህቷ አስካለ አለች። ከእሷ ሌላ ማን ያውቀኛል ብላ ደመደመች።

አስካለ ቤቷ ስትመጣ ደጃፍ ላይ አቆመቻት።

«እትዬ፣ ምን አጠፋሁ?»

«ልብሽ ያውቀዋል።»

«በእናታችን አፅም! ንገሪኝና ጥፋቴን ልወቀው።»

አልነገረቻትም። በፋሲካ ሽማግሌ ተላከባት፤ አልሰማችም። ኋላ አስካለ ታማ ተኛችና «ዓይኗን ልየው» ብላ ላከች። ታላቂቱ ግን «ስሜን ስታጠፋ እህትነቴ አልታያትም ነበር?» አለችና ቀረች። አስካለም እንደናፈቀቻት ሞተች። ቀብሩ ላይ ታላቂቱ ከሰው ኋላ ቆማ ነበር።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ምድጃው ጨርሶ ተበላሸ። ቸግሯት ወደ ሌላ አበዳሪ ሄደች። እዚያ ያለችው ሠራተኛ መዝገቡን አየችና «እናቴ፣ የብድር መረጃዎን አይተውት ያውቃሉ?» አለቻት።

«ኧረ እኔ ምን አግብቶኝ!»

«የእርስዎ እኮ ነው። ስለ እርስዎ የተጻፈውን የማየት መብት አለዎት። ስህተት ከሆነም አርሙልኝ ማለት ይችላሉ።»

አዩት። እስከ አያት ድረስ ስሟን የምትጋራ፣ ረግጣው በማታውቀው ከተማ የምትኖር አንዲት ሴት ተበድራ አልከፈለችም። ያ ዕዳ በስህተት እሷ ላይ ተጽፏል። ያማት ሰው አልነበረም። ከአስካለ አፍ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣችም።

አመለከተች፤ ተጣርቶ ታረመ። ብድሩም ተፈቀደ። ሠራተኛዋ «እንኳን ደስ አለዎት!» ስትላት ሴትዮዋ ወንበሩ ላይ እንዳለች ጮኻ አለቀሰች። ልጅቷ የደስታ ለቅሶ መሰላት።

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ አበው። ደጃዝማችነትስ ይቅር! እህት ቀረች እንጂ!

ወገኖቼ፣ ስትከለከሉ አንገት ደፍታችሁ አትውጡ። «ለምን? የተጻፈብኝን አሳዩኝ» በሉ። መብታችሁ ነው፤ ምን ነውር አለበት? ያቺ ሴት የመጀመሪያው ቀን ይህችን አንዲት ቃል ብትናገር ኖሮ እህቷን በጠላትነት አታይም ነበር።

እናንተስ? እናንተ ልብ ውስጥ ሳይጠየቅ የተፈረደበት የለም? «ምን አጠፋሁ?» ብሏችሁ «ልብህ ያውቀዋል» ያላችሁት ወንድም የለም? እሱም እኮ የተጻፈበትን የማየት መብት አለው! የቢሮውን ስህተት ቢሮው ያርመዋል። የእናንተን ማን ያርመዋል? ማንም። ከእናንተው በቀር።

እንግዲህ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። መጀመሪያ እሱ ዘንድ ሂዱ። ቁጭ በሉና የያዛችሁበትን ንገሩት፣ መልሱንም ስሙት፤ በሕይወት ሳለ።