የሻገተው ማሽላና ዘበኛው አያ ጅቦ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ዓሣን እንኳ መጠለያ ባስለመነበት ክረምት፣ የቆላ አራዊት ለክፉ ቀን ማሽላ ያስቀመጡበት ጉድጓድ ነበራቸው። ገና ሲቆፈር ጥልቀቱ ለጉድ ነበር፤ ጠዋት ጠጠር የጣለበት ድምፁን የሚሰማው ከምሳ በኋላ ነው።

ማን ይጠብቀው? ዝንጀሮ ሌባ ነው። አሳማ ሆዳም ነው። አህያን ቢሾሟት ጥበቃው እስከ ቁርስ አይቆይም። ንጉሡ አንበሳ አሰበ፣ አሰበና «እህል የማይቀምሰው ጅብ ይጠብቅ!» አለ። «ግን ስማ ጅቦ፤ ማሽላው ቢበላሽ ቆዳህን ገፍፌ አነጥፈዋለሁ።»

አያ ጅቦ በሹመቱ ደረቱ ተነፋ። ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ መጠበቅ ማለት ደጋግሞ ማየት ይመስለው ነበር። የጉድጓዱን አፍ የደፈነውን የጭቃ ምርጊት ያፈርስና መክደኛውን ድንጋይ አንሥቶ አንገቱን ወደ ጉድጓዱ ያሰግጋል። «አላችሁ?» ብሎ ማሽላውን ይጠይቃል። መልስ ሲያጣ «ዝም ካሉ አሉ ማለት ነው» ይልና መልሶ ይከድናል። ይህን በቀን ሠላሳ ጊዜ! በከፈተ ቁጥር ደግሞ ዝናቡ እንደ ቤተ ዘመድ ሳያንኳኳ ይገባል።

መስከረም ጠብቶ ጉድጓዱ ሊከፈት ሦስት ቀን ሲቀረው ቢያይ፣ ማሽላው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል! ሽታው በሰማይ የሚያልፈውን አሞራ ያስነጥሳል። ጅቦ ቆዳውን ዳበሰ። ገና ከላዩ ሳይወርድ ምንጣፍ ምንጣፍ ሸተተው። መድኃኒት አዋቂ ነኝ ወደሚለው ወደ ቀበሮ በረረ።

«መሪጌታ፣ ያድኑኝ! ማሽላው ሻገተ!»

«ለዚህ ነው እንዲህ የምታለከልከው?» አለ ቀበሮ። «ነጭ ሽንኩርት፣ ጥቁር አዝሙድና እርድ ወቅጠህ እሸው። ሽንኩርቱ ጉበት ይጠብቃል፣ አዝሙዱ መርዝ ያበርዳል፣ እርዱ አረንጓዴውን ወርቅ ያስመስለዋል።»

«መርዙስ ጨርሶ ይጠፋል?»

«ሲያየው ይሸሻል እንጂ! አያቴ በዚህ መድኃኒት የሞተች ፍየል አስነሥታለች።»

«ፍየሏ የት አለች ታዲያ?»

«በላናት። ምነው፣ ልትመረምረኝ ነው?»

ጅቦ ለበዓል ብሎ የደበቀውን የበሬ ቅልጥም ለቀበሮ አስረክቦ ወቀጣውን ተያያዘው። ሽንኩርቱ ክፉኛ አስለቀሰው፤ እንባው ኩሬ ሠርቶ ሁለት እንቁራሪቶች ጎጆ ወጡበት። በመጨረሻ ግን ጉድጓዱ የሰርግ ቤት ሸተተ።

በመክፈቻው ቀን አራዊቱ ተሰበሰቡ። የሜዳውን ሣር ጎርፍ ወስዶባት ክረምቱን ሙሉ ጎድኗ እስኪቆጠር የተራበችው እመት አህዪት ከፊት ነበረች። አሸተተችና ጆሮዋን አቆመች።

«አያ ጅቦ፣ ይህ ማሽላ ምን አሞት ነው? ደህና እህል መድኃኒት ይቀባል እንዴ?»

«ለክብራችሁ ብዬ መሪጌታ ቀበሮን አማክሬ ነው፣ እመት አህዪት!»

«እግዜር ይስጥልን። እንግዲያ በወጉ ይሁን። ጠጅ አሳላፊ እንኳ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይቀዳም። አንተና መሪጌታ ቅመሱልና።»

«ወጉ ነው» አለ አንበሳ።

«እኔ እንኳ ጾም ላይ ነኝ» አለ ቀበሮ።

«ማሽላ ማስገደፍ የጀመረው መቼ ነው?» አለችው አህዪት። አራዊቱ በሳቅ ፈረሱ።

ቀበሮ በጅቦ ጆሮ «ቆንጠር አድርግና የዋጥህ ምሰል» ሲል አንሾካሾከ። ጅቦም ልቡ እንደዚያው ነበር። ነገር ግን ቅመሙ አፍንጫውን ጎተተው፣ አፍንጫው ምላሱን ጎተተ፣ ምላሱ ጅቦን ራሱን ጎትቶ እስከ ወገቡ ጉድጓድ ከተተው። አንድ መዳፍ የተባለው ቅምሻ ሦስት ቁና ሆነ! ቀበሮም ድርሻውን በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ሊወረውር ሲል አንበሳ «ዋጥ!» ብሎ ጮኸበትና ዋጠ።

ወዲያው የጅቦ ሆድ ነጋሪት ሆነ። ከሦስት ተራራ ማዶ ያሉ ሰዎች ነጎድጓድ መስሏቸው ስጣቸውን አስገቡ። ቀበሮ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብቶ የአያቱን ስም እየጠራ ያስመልሳል።

«አትብሉት!» ጮኸ ጅቦ መሬት ላይ እየተንከባለለ። «ሻግቷል! እየከፈትኩ ያበላሸሁት እኔ ነኝ! ቅመሙ መሸፈኛ ነው!»

አንበሳ ጥፍሩን አውጥቶ ተነሣ። ጅቦ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጌታዬ፣ ቆዳውን ይተዉለት» አለች አህዪት። «ሆዱ ባይመሰክርልን ኖሮ ዛሬ ሜዳው ላይ የምንነጠፈው እኛ ነበርን።»

አንበሳ ጥፍሩን መለሰ። «ቅመሙስ ከንቱ ነው ማለት ነው?»

«ከንቱስ አይደለም። ሽንኩርቱም አዝሙዱም ጉበትን ያግዛሉ። እኔም ሸክም የሚያግዘኝ ባገኝ ደስ ይለኛል፤ አጋዥ አለሽና ተራራ ተሸከሚ ብባል ግን እሺ አልልም።»

የሻገተው ማሽላ ሩቅ ገደል ውስጥ ተቀበረ። ጅቦ አራት ቀን ተኝቶ ከዳነ በኋላ፣ አዲስ ምርት እስኪገባ ድረስ ለተራቡት ሁሉ ከተራራው ሣር እንዲያመላልስ ተፈረደበት። እሱ ነዶ ተሸክሞ ያቃስታል፣ አህዪት ከኋላው «መጭ! መጭ!» ትላለች። ይህን ያዩ የአገሩ ሰዎች ያን ዓመት የጠጡትን ጠላ ተጠራጠሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ጥሩ መድኃኒት እንኳ የሻገተን እህል ደህና እንደማያደርግ ሁሉ፣ ጥፋትንም በጊዜው መናገር እንጂ ቅመም ቀብቶ ማቅረብ እንደማያድን ነው።