አቶ ወንዳፍራሽ ላኪ ሊሆኑ ሲሉ

አንድ ቀን አዳማ ውስጥ አንድ የቦሎቄ ነጋዴ ወደ ውጭ ንግድ ለመግባት ቆረጡ። አቶ ወንዳፍራሽ ይባላሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቦሎቄ ከገበሬ እየገዙ፣ በመጋዘናቸው አስለቅመውና አስነፍተው፣ ለአዲስ አበባ ላኪዎች ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ኑሯቸው ደህና ነበር። ነገር የመጣው ከአንድ ሠርግ ነው። እንግዳ ተቀባዩ፣ ትናንት ከእሳቸው እኩል ጆንያ ሲያሰፋ የነበረውን ሰውዬ «አስመጪና ላኪው» ብሎ ከፊት ወንበር ሲያስቀምጠው፣ እሳቸውን ግን «እህል ነጋዴው» ብሎ ከድምፅ ማጉያው ሥር ወሸቃቸው። ሁለት ቀን ጆሯቸው ሲጮህ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን አማካሪ ቀጠሩ።

አማካሪው ዶክተር ናሁሰናይ ይባላሉ። ስለ ጥርስ ሕመም እንኳ ብታነሳባቸው «ጥናት አለኝ» የሚሉ ዓይነት ናቸው። አንድ ወር ቆይተው ወፍራም ጥራዝና ፕሮጀክተር ይዘው መጡ። አቶ ወንዳፍራሽም የሒሳብ ሠራተኛዋን፣ ሁለቱን ልጆቻቸውንና የመጋዘን ኃላፊውን ባዩን ሰበሰቡ። ባዩ ከሠላሳ በላይ ቦሎቄ ለቃሚ ሴቶች የሚያስተዳድር፣ ዝምተኛ ሰው ነው። ለስብሰባ ሲጠራ ከበሩ አጠገብ ነው የሚቀመጠው።

ዶክተሩ ግድግዳው ላይ ሥዕል እያበሩ ጀመሩ።

«መንገዱ ሦስት ነው» አሉ። «አንደኛው፣ ልምድ ባለው ላኪ በኩል መላክ ነው። ይሄ የፈሪ መንገድ ነው። ሁለተኛው፣ የራሳችሁን ፈቃድ አውጥታችሁ ገዢ መፈለግ ነው። ይሄ የድካም መንገድ ነው። ሦስተኛው ግን ከውጭ ኩባንያ ጋር መሻረክ ነው። ቦሎቄውን ትልኩለታላችሁ፣ እሱ እዚያ ይሸጠዋል፣ በምትኩ የመኪና ጎማ ይልክላችኋል። በአንድ ጊዜ ላኪም አስመጪም ሆናችሁ ማለት ነው።»

«አስመጪና ላኪ» አሉ አቶ ወንዳፍራሽ ቀስ ብለው፣ ቃሉን ከረሜላ ይመስል በአፋቸው እያገላበጡ።

«ኩባንያውን አግኝቼዋለሁ፤ ውሉንም ይዤ መጥቻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተኩል ተናገሩ። ግማሹ እንግሊዝኛ፣ ግማሹ ደግሞ የዶክተሩ የራሳቸው ቋንቋ ነበር። ትንሹ ልጅ እንቅልፉን ለቀቀው። በመጨረሻ መብራት በራና ዶክተሩ እጃቸውን አፋተጉ።

«ገባችሁ?»

«ገባን» አሉ ሁሉም በአንድ ድምፅ፤ ምሳ ሰዓት አልፎ ነበር።

አቶ ወንዳፍራሽ እስክሪብቷቸውን አወጡ። «እንግዲህ ተወስኗል። በሦስተኛው እንገባለን።»

ከበሩ አጠገብ ድምፅ ተሰማ። «ጋሼ፣ ይግባኝ።»

አቶ ወንዳፍራሽ ቀና አሉ። «ባዩ፣ በእኔ ውሳኔ ላይ ነው ይግባኝ የምትለው? እዚህ ፍርድ ቤት መሰለህ?»

«ኧረ እኔ ምን ቆርጦኝ፣ ጋሼ። ነገሩ ይግባኝ ነው ያልኩት። ሌላው ሰው ገብቶታል፤ እኔ ብቻ ነኝ ያልገባኝ።»

ዶክተሩ ፈገግ አሉ። «ምኑ ነው ያልገባዎት፣ ወንድሜ?»

«ቦሎቄው ተጭኖ ሄዶ፣ እዚያ ሲደርስ ሰውየው አልወደድኩትም ቢል ማን ይመልሰዋል?»

«እሱ ቴክኒካል ጉዳይ ነው። አንቀጽ አሥራ ሰባት ላይ አለ።»

«ምን ይላል?»

ዶክተሩ ጥራዙን ገለጡ፣ መለሱ፣ እንደገና ገለጡ። «የላኪው ኃላፊነት ነው ይላል።»

«ላኪው ማነው?»

«እናንተ ናችሁ።»

አቶ ወንዳፍራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ላኪ መባላቸው ደስ ሳይላቸው ቀረ።

«ጎማውስ ባይመጣ?» አለ ባዩ።

«እሱ አንቀጽ አሥራ ዘጠኝ ነው። ኩባንያው ለመላክ የተቻለውን ያህል ይጥራል።»

«ጥሮ ጥሮ ቢያቅተውስ?»

«ወንድሜ፣ በንግድ ውስጥ መተማመን የሚባል ነገር አለ።»

«እሱማ ጥሩ ነው። እነሱ እኛን አምነው ነው ታዲያ መጋዘኑን በዋስትና አስይዙ ያሉት?»

የሒሳብ ሠራተኛዋ ሳቋን በመሐረብ ሸፈነች። አቶ ወንዳፍራሽ ግን አልሳቁም። መጋዘኑ መያዣ መሆኑን እሳቸውም ገና መስማታቸው ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ሙሉ ጭንቅላታቸውን ሲነቀንቁ፣ መጋዘኑ በየትኛው ሥዕል ላይ እንዳለፈ አላዩም። ከታች ከመጋዘኑ የለቃሚዎቹ ወሬና የወንፊቱ ድምፅ ይሰማል። እስክሪብቶው እጃቸው ላይ ከበደ።

ዶክተሩ ትዕግሥታቸው አለቀ። ጥራዙን ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርገው ወደ ባዩ ዞሩ።

«ስማኝ፣ ወንድሜ። እኔ በዚህ ጉዳይ ሦስት ዲግሪ አለኝ። ዓለም እየሮጠ ነው፤ ጎረቤታችሁ ገብቷል፤ ትናንት የተነሳው ሁሉ ገብቷል። አንድ የመጋዘን ሰው እስኪገባው ድረስ ከጠበቅን መቼ ነው የምንገባው?»

እርስዎ ማለቱን ትተው አንተ ማለታቸውን ሁሉም ሰማ። ባዩ ግን ቅር አላለውም። ከወንበሩ ተነሳና እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ረጋ ባለ ድምፅ መለሰ።

«ዶክተር፣ ብንዘገይ ግድ የለም። ሳይገባን ከገባን ግን የሚገባንን ነው የምናገኘው።»

መጀመሪያ የሳቁት አቶ ወንዳፍራሽ ናቸው፤ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ከዚያ እስክሪብቷቸውን ከድነው ኪሳቸው ከተቱና ውሉን ወደ ዶክተሩ ገፋ አደረጉት።

«እኔም ገባኝ ያልኩት እርቦኝ ነው» አሉ። «በሉ ዶክተር፣ ከመጀመሪያው ገጽ ይጀምሩልን። በአማርኛ።»

ምሳ ተበላና ንባቡ ተጀመረ። አንቀጽ ዘጠኝ ላይ ሲደርሱ ዶክተሩ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት።

«እውነቱን ለመናገር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይቺ ለእኔም አልገባችኝም።»

ውሉ ሳይፈረም ቀረ። የዚያ ዓመት ቦሎቄ በዶክተሩ የፈሪ መንገድ፣ ልምድ ባለው ላኪ በኩል ሄደ። ባዩም ከጭነት መኪናው ጋቢና ተቀምጦ እስከ ወደቡ ወረደና፣ ማን ምን እንደሚፈትሽ፣ ማን ምን ላይ እንደሚፈርም አንድ በአንድ ጠይቆ ተመለሰ። በዓመቱ አቶ ወንዳፍራሽ በራሳቸው ስም ፈቃድ አወጡ። ዛሬ ሰው «ወደዚህ ሥራ በየት በኩል ገባችሁ?» ሲላቸው፣ «በጥያቄ በኩል» ይላሉ።