ሐጂ ሙዘይን ወደ ተቀናቃኛቸው የወሰዱት ገዢ

ደጋውን ከቆላው በሚያገናኝ መንገድ ላይ፣ መስጊዷ በዕድሜ ከመንገዱ በምትቀድም አንዲት አሮጌ ከተማ፣ ሐጂ ሙዘይን የሚባሉ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ነበሩ፤ አላህ ይዘንላቸው።

አንድ ቀን ከዙህር ሶላት በኋላ ይማም የተባለ ሾፌር የተሰነጠቀ የፍሬን ዲስክ ይዞ ሱቃቸው ገባ። በማግስቱ በአሮጌ መኪናው ሰርገኞች ጭኖ ቁልቁለቱን ሊወርድ ነው።

«ሐጂ፣ ይህንኑ የሚመስል ይስጡኝ» አለ።

ቁርጥ እርሱን የሚመስል መደርደሪያቸው ላይ ነበር። ገበያውም ቀዝቅዞ ሰንብቷል። ሐጂ ግን እጃቸውን ወደ መደርደሪያው አልሰደዱም፤ መኪናው ወደቆመበት ጋራዥ ሄደው ጎማው የወለቀበትን ቦታ አጎንብሰው አዩ።

«ልጄ፣ ይህ መኪና የሚፈልገው ወፍራሙን፣ በመሐሉ አየር የሚያሳልፈውን ዲስክ ነው። ከአንተ በፊት የነዳው ሰው ስሱን አስገጥሞበታል። ቁልቁለት ላይ እየጋለ የተሰነጠቀው ለዚህ ነው።»

«ግድ የለም፣ ለነገ ብቻ ያድርሰኝ።»

«ባላየው ኖሮ እሸጥልህ ነበር። አሁን ግን አይቻለሁ።»

ወፍራሙ ዲስክ የሚገኘው ከመንገዱ ማዶ ባለው በተቀናቃኛቸው በአወል ሱቅ ብቻ ነው። አወል ደግሞ «ሐጂ አሮጌውን ዕቃ አዲስ ነው እያሉ ይሸጣሉ» ብሎ በገበያው መሐል ስማቸውን ያጠፋ ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። ሐጂ ይማምን አስከትለው መንገዱን ሲሻገሩ ልባቸው ከብዷቸው ነበር። ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ግን ቀድመው «አሰላሙ አለይኩም» አሉ።

አወል ደነገጠ። ሰላምታውን መለሰና ጉዳዩን ሰምቶ ዲስኮቹን ለግራም ለቀኝም ጎማ አወጣ። ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ «ሐጂ፣ ያ የተናገርኩት ነገር...» ብሎ ጀመረ።

«ዛሬ የመጣሁት ለፍሬን ነው» አሉት ፈገግ ብለው። አወል ግን እንባው መጣ። ዲስኮቹን ራሱ ተሸክሞ እስከ ጋራዡ ተከተላቸው።

በማግስቱ አንዱ መታጠፊያ ላይ ግመሎች መንገዱን ሞልተው ይማምን ጠበቁት። ፍሬኑን ረገጠ፤ መኪናው ቆመ። ሙሽራዋም ዘፈኗን አላቋረጠችም።

በኋላ የመስጊዱ ጀመዓ ሐጂን ጠየቃቸው፦ «ስምዎን ላጠፋ ሰው ገበያዎን እንዴት ሰጡት?»

«ገዢው አማና ነው፤ አደራ ነው» አሉ። «የእኔን ኩርፊያ ተሸክሞ ቁልቁለት አይወርድም።»

እኛ የምንሸጠው ዕቃ ሐላል መሆኑን እንጠይቃለን። ሐጂ ሙዘይን ግን ዕቃው ከሱቃቸው ከወጣ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ፣ እነማንን እንደሚሸከም ጭምር ያስቡ ነበር። ቂማችን ስንት ጊዜ ምንም በማያውቅ ሰው ትከሻ ላይ አርፎ ይሆን? አላህ ልባችንን ያጥራልን።