አፉን የከፈተው አንበሳ

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» በሉኝ፤ የዛሬው በረት ግን የልጆች ሥዕል መጽሐፍ ነው። በመጽሐፉ ውስጥ አንድ ኩሩ አንበሳና አንዲት ፈሪ ዶሮ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት የትንሿ ናርዶስ እግር ዱብ ዱብ ሲል ተሰማ።

«መጣች! መጣች!» አለች ዶሮ እየተርበተበተች። «አያ አንበሶ፣ እባክህ አፍህን ግጠም! ከፈራችህ መጽሐፉን ትዘጋውና ጨለማ ውስጥ መቅረታችን ነው!»

«አፌን ከፍቼ የተሳልኩት ለማስፈራት ነው» አለ አንበሳ። «ቆይ፣ ጩኸቷን ትሰሚያለሽ!»

መጽሐፉ ተከፈተ። እናቷ «ናርዲ፣ አንበሳ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀቻት። ናርዶስ የተከፈተውን አፍና ያገጠጡትን ጥርሶች ትኩር ብላ አየች።

«እማ! ርቦታል!» ብላ ጮኸች፤ ከሳህኗም ሽሮ ፍትፍት ጠቅልላ አፉ ላይ ለጠፈችለት።

እናቷ ሳቋ አመለጣት። «አንድ ጉርሻማ አይሆንም፣ ድገሚለት እንጂ!»

አንበሳ እስከ ጎፈሩ በሽሮ ተለወሰ።

በማግስቱ እግሯ እንደገና ዱብ ዱብ አለ።

«ዛሬም ልታስፈራራት ነው?» አለች ዶሮ።

«ዝም በይ፣ እንዳታስደነግጫት!» አለ አንበሳ፤ አፉንም ከትናንቱ ይበልጥ ከፈተ።

ተረቴን መልሱልኝ፤ ዳቦውን ግን ለአንበሳው አቀብሉት።