ጠያቂ የበዛባት ዓሣ

ተረት ልንገራችሁ፤ ጆሯችሁን አቅርቡ፣ ወሬያችሁን አርቁ። ዕቃ ሁሉ አፍ በነበረው፣ እንስሳ ሁሉ ነገረኛ በሆነበት በዚያ ዘመን፣ በአንድ ነጋዴ ቤት ሳሎን ውስጥ የመስታወት ገንዳ ነበረ። በገንዳው ውስጥ ዓሦች ይኖሩ ነበር። ከዓሦቹ መሀል እመት ክንፊት የምትባል እናት ነበረች፤ ጮራ የምትባል አንዲት ልጅም ነበረቻት። ሌላ ልጅ የላትም። ጮራ ስትዋኝ እናቲቱ ትዋኛለች፤ ጮራ ስትቆም እናቲቱ ትቆማለች።

አንድ ቀን ጮራ ታመመች። ዱቄት የተነሰነሰባት ይመስል ገላዋ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣባት። ክንፏን አጠፈች፤ ከድንጋይ ጋር እየተፋተገች ታከከች፤ ምግብ ሲመጣ ፊቷን አዞረች።

ጎረቤቶቹ ዓሦች ማጉረምረም ጀመሩ። «ይሄ ነገር ይጋባል» አለ አንዱ። «ካላወጣሻት ሁላችንም ማለቃችን ነው» አለ ሌላው። «እኛም ልጆች አሉን» አለች ሦስተኛዋ።

እመት ክንፊት ምን ታድርግ? ከገንዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ትሮጣለች፤ ደርሳ ትመለሳለች፣ ተመልሳ ደግሞ ትሄዳለች። በመጨረሻ በሽተኛ በማየት የታወቀውን አባ ኤሊን አስጠራች። አባ ኤሊ ደግሞ ተጠርቶ ቶሎ የሚደርስ ሰው አይደለም። እስኪመጣ ድረስ ልቧ ተንጠልጥሎ ቆየ።

አባ ኤሊ መጣ፤ አየ፤ አንገቱን አስረዝሞ ደግሞ አየ።

«ልጅቷ ትድናለች» አለ። «ግን ለብቻዋ ትተኛ። ሳፋ አምጡላት። አዲስ ውሃ እንዳትቀዱ፤ የበሽተኛ ገላ እንግዳ ውሃ አይወድም። ያሳደጋትን የገንዳውን ውሃ ገልብጡላት። ጭብጥ ጨው ጨምሩበት። ውሃው ትንፋሽ እንዳያጥረው አንድ ሰው በሸምበቆ ይንፋበት። ምግብ ወደ ሳፋው አይግባ። ከዚያ በኋላ ተዉአት።»

«ተዉአት? በሽተኛ እንዴት ይተዋል?» አለች እመት ክንፊት።

«ተዉአት ማለት ተዉአት ነው» አለና አባ ኤሊ መንገዱን ጀመረ።

በዚያ ቤት ከእንስሳቱ መሀል እጅ ያላት እመት ጦጢት ብቻ ነበረች። ሳፋውን ጎተተችና የሳሙናው ሽታ እስኪለቀው ድረስ አጠበችው። ሳፋ ዕድሜ ልኩን የቆሸሸ ልብስ ሲታሽበት የኖረ ነውና ሐኪም ቤት ሆነሃል ሲባል ደረቱን ነፋ። ጨው ግን ፈራ።

«እኔ ወጥ ማጣፈጥ እንጂ ዓሣ ማከም የት ተማርኩ?» አለ።

«እስከ ዛሬ ዓሣን የምታገኛት ድስት ውስጥ ነበር፤ እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ በሕይወቷ አግኛት» አለችና ጦጢት ዘገነችው።

ጮራን አሻግረው ሳፋው ውስጥ አስተኟት። እመት ጦጢትም ሸምበቆዋን ይዛ፣ ጉንጯን ነፍታ፣ ቡልቅ ቡልቅ ማድረግ ጀመረች። እመት ክንፊት ሳፋውን በመስታወቱ በኩል ታየዋለች፤ ውስጡን ግን አታይም። ይኼ ነው የገደላት።

«ሳፋ ሆይ፣ ልጄ እንዴት ናት?»

«ተኝታለች፣ እመቤቴ።»

ዞር ብላ መጣች። «ሳፋ ሆይ፣ አሁንስ?»

«ተኝታለች፣ እመቤቴ።»

ደግሞ ዞር ብላ መጣች። «ሳፋ ሆይ፣ አሁንስ?»

«ኧረ እመቤቴ! አሁን ጠይቀሽኝ አሁን ምን ይለወጣል?»

እመት ክንፊት ከመስታወቱ ዞር አለች። «ልጄ ታማ ጠያቂ የላትም። ወገን የላትም ይሏታል። እኔ እንዳልሄድ እግር የለኝ» እያለች ተብሰለሰለች። ከዚያ አፏን ከውሃው በላይ አውጥታ በዚያ ያለፈውን ሁሉ መጥራት ጀመረች። ወሬው ግቢውን አዳረሰ።

መጀመሪያ እመት ዶሮ ከተፍ አለች። «ውይ በሞትኩት፣ እስከ ዛሬ ሳልሰማ! ባዶ እጄንማ በሽተኛ አልጠይቅም» አለችና ያመጣችውን ገብስ ሳፋው ውስጥ በተነችው። «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ብላ ሄደች። እመት ክንፊት ትንሽ መለስ አለላት።

ቀጥላ እመት ፍየል መጣች። «ባዶ እጄንማ በሽተኛ አልጠይቅም፤ ከራሴው ጡት የታለበ ነው» አለችና ወተቷን ገለበጠች። «እግዜር ይማርሽ፣ ልጄ» ብላ ሄደች። እመት ክንፊት ትንሽ ደስ አላት።

ቀጥሎ አጅሬ አይጥ መጣ። «እኔም ባዶ እጄን በሽተኛ አልጠይቅም። ከየት አመጣኸው ብቻ እንዳትሉኝ» አለና የቂጣ ቁራሽ ጣል አደረገ። «እግዜር ይማርሽ፣ እህቴ» ብሎ ሄደ።

«ኧረ እናንተ ሰዎች፣ ውስጤ ሸተተ!» እያለ ሳፋ ይጮሃል።

«ጠያቂ የጠላ በሽተኛ አላየሁም፤ አንተ ዝም ብለህ ያዝ» አለችው እመት ክንፊት።

ገብሱ አበጠ። ወተቱ ረጋ። ቂጣው ሟሟ። ውሃው ከበደ። እመት ጦጢት ሸምበቆዋን ከአፏ አውጥታ እንትፍ አለች። «እኔ የምነፋው ውሃ ነው ወይስ አይብ?» አለች።

ያኔ ሳፋ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ተናገረ። ዝቅ ማድረጉ ነው እናቲቱን ያስደነገጣት። «እመቤቴ፣ ልጅሽ ወደ ላይ ወጥታ አፏን እየከፈተች ነው። ትንፋሽ አጥሯታል።»

«ማነው ልጄን የገደለብኝ?» ብላ ጮኸች እመት ክንፊት።

«የላክሻቸው ናቸው» አለ ሳፋ።

ይህን በተናገረበት ቅጽበት አያ ሙክት በሩ ላይ ደረሰ። አያ ሙክት በግቢው የተከበረ ነው፤ በዓሉ ገና ስላልደረሰ ኩራቱም ገና አልቀነሰም። በአንገቱ የአጥሚት ማሰሮ አንጠልጥሏል።

«እመት ክንፊት፣ ልጅሽን ልጠይቅ መጣሁ። ባዶ እጄንም አልመጣሁ» አለ።

እመት ክንፊት ራሷ ናት ያስጠራችው። ራሷ ጠርታ እንዴት ትመልሰው? ነገ ግቢው ምን ይላታል? ዓይኗ ወደ ሙክት ይሄዳል፣ ወደ ሳፋ ይመለሳል። አፏ ደረቀ፤ ዓሣ አፏ ሲደርቅ አስቡት።

«አያ ሙክት፣ ውለታዎን እግዜር ይክፈልልኝ። ግን አይግቡ።»

«ምን አልሽ?»

«አይግቡ። አጥሚቱም አይግባ።»

«እኔን? ጠርተሽ፣ በር ላይ አቁመሽ?»

«አዎ፣ ጠርቼ፣ በር ላይ። ስድቡን ለእኔ ያድርጉት፤ ልጄን ይተዉልኝ።»

አያ ሙክት አጥሚቱን እንደያዘ ተመለሰ፤ አፉን ግን አልያዘም። «ያቺ ዓሣ ባለጌ ናት» ብሎ ግቢውን ዞረ። «ወተቴን ጠጥታ!» አለች እመት ፍየል። «ገብሴን በልታ!» አለች እመት ዶሮ። አይጥ ብቻ ዝም አለ፤ ቂጣው የማን እንደሆነ እንዳይጠየቅ ፈርቶ ነው።

እመት ጦጢት ግን ሥራ ላይ ነበረች። ገብሱን ለቀመች፣ ቂጣውን ዛቀች፣ የሸተተውን ውሃ ቀስ እያለች እየቀዳች ደፋች፤ በምትኩ የገንዳውን ውሃ ቀስ እያለች ጨመረች። ጨውም እንደገና ገባ፤ አሁን ለምዶ ነበርና አላንገራገረም። ከዚያም ሸምበቆዋን አንስታ ጉንጯን ነፋች።

እመት ክንፊትስ? አፏን ዘጋች። ሳፋን አልጠየቀችም። አላፊ አግዳሚውን አልጠራችም። ክንፏን ግን ማሰር አልቻለችም፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ስትሮጥ፣ ስትመለስ፣ ስትሮጥ ጎረቤቶቿ ራሳቸው ዞረባቸው። አንዳንዴ ጥያቄው ጉሮሮዋ ድረስ ይመጣል፤ መልሳ ትውጠዋለች። ውጦ ማደር እንዲህ እንደሚከብድ ከዚያ በፊት አታውቅም ነበር።

ጮራም ቀስ በቀስ ነጠብጣቡ ረገፈላት። ክንፏን ዘረጋች። አንድ ቀን ጠዋት ከሳፋው ውስጥ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«እማዬ፣ ራበኝ!»

እመት ክንፊት አለቀሰች። ዓሣ ስታለቅስ አይታይም እንጂ አለቀሰች። ቂሟን ረስታ የነበረችው እመት ዶሮ ግን ድምፁን ከደጅ ሰምታ፣ አፏን ሙሉ ገብስ ይዛ እየበረረች ደረሰች።

«እመት ዶሮ!» አለች እመት ክንፊት። «እባክሽ፣ እዚያው!»

ተረቴን እዚህ ላይ ቋጨሁት፤ እናንተ ደግሞ ይህችን ቃል ቋጥራችሁ ሂዱ፦ ለበሽተኛ ያሰበ፣ የራሱን ጭንቀት አያጎርሰውም።