ሰዓት የሚጠይቀው ተከራይ

አንድ ሰው ነበረ፤ ብቻውን የሚሠራ።

ላቀው ወንድሜ፣ ትናንት ከቅዳሴ መልስ የጠየቅከኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። «እዚህ ኮንዶሚኒየም ከገባሁ ዓመት አለፈኝ። አንድም ሰው በሬን አላንኳኳም። ምን በድያቸው ነው ያገለሉኝ?» አልከኝ። ቤቱን አከራይተህ ማንም ወደማያውቅህ አገር ለመሄድ እንደቆረጥክም ነገርከኝ። እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ለእንዲህ ያለ ጥያቄ የተዘጋጀ መልስ የለኝም። ግን ጥበቃ ሆኜ በሠራሁበት ግቢ ያ ሰው ነበረ፤ የሱን ነገር ልንገርህ። የማሽን ነገር ስለሆነ፣ እሱ ለኔ እንዳስረዳኝ አድርጌ ነው የማስረዳህ።

ሰውየው የኮምፒውተር ባለሙያ ነው። የአንድ ከተማ የውሃ ፓምፖች መቼ እንደሚነሱ፣ መቼ እንደሚያርፉ የሚያዝ ማሽን በእጁ ነበር። ማሽን ስልህ ግን በእጅ የሚዳሰስ ብረት አይደለም። በትልቅ ማሽን ሆድ ውስጥ የሚኖር ሌላ ማሽን ነው፤ ቨርቹዋል ይሉታል። እንደ ተከራይ አስበው። ትልቁ ማሽን አከራይ ነው፣ እሱ ተከራይ። የራሱ መብራት የለው፣ የራሱ ሰዓት የለው፤ ሁሉን ከአከራዩ ነው የሚያገኘው። የተከራዩ ልብ ደግሞ ከርነል ይባላል። ልቡ ካልተነሳ ምንም አይነሳም።

አሮጌው አከራይ አረጀ። መለዋወጫው ከገበያ ጠፋ። ስለዚህ ተከራዩ ወደ አዲስ ትልቅ ማሽን መዛወር ነበረበት። እሱ ሳይዛወር አሮጌው ከሞተ ከተማው ውሃ አያገኝም። የሰውየው ሥራ ይህ ነበር፤ ከርነሉን ከአሮጌው ቤት አውጥቶ በአዲሱ ቤት ማስነሳት።

ልብስ ሲቀደድ እንደሚጣፍ ሁሉ፣ ይህም ከርነል ባለፉት ዓመታት ሲጣፍ የኖረ ነው። ባለሙያዎቹ ፓች ይሉታል፤ እኔ እራፊ ልበለው። አንዱ እራፊ መብራት ሲቆራረጥ እንዳይደነግጥ የተጣፈ ነው፤ ሌላው ከፓምፑ የሚመጣው ወሬ ሲምታታበት። እያንዳንዱ እራፊ የጣፈው ሰው ነበረው። ያ ክፍል ድሮ ሰው ሞልቶበት፣ ሳቁ እኔ ያለሁበት በር ድረስ ይሰማ ነበር። በኋላ አንዱ የተሻለ ደመወዝ አገኘ። አንዷ አገባችና ባሏን ተከትላ ሄደች። አንዱ ታሞ ሞተ። ወንበሮቹ ብቻ ቀሩ። ሰውየው ምሳውን ስክሪኑ ፊት ይበላል። ማታ ሲወጣ «ደህና እደር» የሚለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፤ አንዳንድ ቀን ለኔም መመለስ ይረሳል።

የተከራዩን ግልባጭ ከነእራፊዎቹ አዲሱ ቤት አስገባው፤ ዋናው ገና በአሮጌው ቤት ፓምፖቹን እያዘዘ ነበር። አስነሳው። ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ሌላ ምንም የለም። ሲታመሙ እዚህ ጋ አመመኝ እንደሚሉት፣ ማሽንም ሲበላሽ የሚጽፈው ቃል አለው። ይሄኛው አንዲት ፊደል አልጻፈም። ሰውየው «ሞተ» አለ።

ባለሙያ እንዲህ ሲያጋጥመው እራፊዎቹን አንድ በአንድ ይፈትሻል። አንዱን ነቅሎ ያስነሳዋል፤ ካልተነሳ መልሶ ይጥፈውና ሌላውን ይነቅላል። እሱም እንዲሁ አደረገ። እየነቀለም የጣፉትን ሰዎች ይሰድብ ነበር። «ይሄ የዚያ ችኩል ሥራ ነው! ይሄ ደግሞ የሷ ነው፤ መቼ አንድ ነገር ጨርሳ ታውቅና!» ይላል። የሚሰማው ባዶ ወንበር ነው። ሁሉንም ነቀለ፣ ሁሉንም መለሰ። ያው ጥቁር ነው።

አንዲት እራፊ ግን አልነካም። የራሱን።

የዚያች እራፊ ነገር እንዲህ ነው። ተከራዩ ሲነሳ ከሁሉ አስቀድሞ አከራዩን ሰዓት ይጠይቃል፤ ሰዓት ሳያውቅ ፓምፕ ሊያዝ አይችልማ። አሮጌው አከራይ ደግሞ ሥራ ሲበዛበት መልሱ ይዘገያል። ያን ጊዜ ተከራዩ መልስ አጥቶ ይወድቃል። አንድ ዓመት በበዓል ዋዜማ እንዲህ ወድቆ ከተማው በሙሉ ጀሪካን ይዞ ወጣ። ይህ ሰው ተቀመጠና አንዲት እራፊ ጣፈ። ትእዛዟ አጭር ነው፤ ጠይቅ፣ መልስ እስኪሰጥህ ድረስ ከበሩ እንዳትነቃነቅ። ከዚያ ወዲህ ተከራዩ በዚህ ነገር ወድቆ አያውቅም። ሰውየውም ተመሰገነ። ያኔ ክፍሉ ገና ሙሉ ነበርና ጓደኞቹ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። ሰው ከተመሰገነበት ሥራው ጥፋት ይወጣል ብሎ መቼ ያስባል?

እንዲህ እያለ አሮጌው ማሽን አንድ ጠዋት ቆመ። በስንት መከራ ተመልሶ ተነሳ። የከተማው የውሃ ኃላፊ ደወለለት። «ወንድሜ፣ ሐኪም ቤቱ የቀረው የታንከሩ ግማሽ ነው። እንደገና ከቆመብን የምንለው የለንም» አለው። ሰውየው ስልኩን ዘግቶ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። በመስኮት አየሁት። በልቤ «ጌታ ሆይ፣ ድረስለት» አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ አንዲት ሴት ትሠራ ነበር። አዲሱን ትልቅ ማሽን የምታስተዳድረው እሷ ናት። አንድ ኮሪደር ይጋራሉ፤ ተጫውተው ግን አያውቁም። ያን ቀን ሰውየው ብድግ አለና ሄዶ በሯን አንኳኳ። ምክር ፈልጎ እንዳይመስልህ። ለጠብ ነው የሄደው።

«ማሽንሽ ተከራዬን ገደለው!» አላት።

ሴትዮዋ ሳቀች። «ማንን? ያንተን? ኧረ ባክህ! እዚህ ቤት እንደሱ የሚሮጥብኝ የለም። ማሽኑን ያጋለው እኮ እሱ ነው። የሞተ ነገር ይሮጣል እንዴ?»

ሰውየው በሩ ላይ ደርቆ ቀረ። «እኔ የማየው ጥቁር ነው።»

«በዚያ በኩል ነዋ የምታየው። ና በኔ በኩል እይ።» ወንበር ሳበችለት። «ይኸው፣ አንድ ቦታ ላይ ይዞራል። ይጠይቃል፣ እንደገና ይጠይቃል፣ እንደገና።»

«ምን ብሎ?»

«ስንት ሰዓት ነው ብሎ።»

«ታዲያ አይመልስለትም?»

«የኔ ማሽን ቢጠይቁትም ሰዓት አይናገርም። ተከራይ ሲገባ ሰዓቱን ክፍሉ ግድግዳ ላይ ይሰቅልለታል፤ ቀና ብሎ ማየት ብቻ ነው። ያንተው ግን ፊቱን ወደ በሩ አዙሮ ቆሟል።»

ሰውየው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለ። «ይህን ሁሉ ቀን እያየሽ ዝም አልሽኝ?» አላት።

«አንተስ መቼ ጠየቅከኝ? ደህና አደርክ ስልህ እንኳ ‹እ› ብለህ ነው የምታልፈው። እኔማ ሆን ብለህ እየሞከርከው መስሎኝ።»

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ያቺን የራሱን እራፊ ከፍቶ ብዙ አያት። እሷ ስትወጣ ያ የተመሰገነበት ቀን አብሯት የሚወጣ መሰለው፤ ከዚያ ቀን ሌላ ደግሞ ብዙ አልነበረውም። ነቀላት። በቦታዋም ቀና ብለህ እይ የምትል አንዲት ትእዛዝ አስገባ። ተከራዩ ቀና አለ፣ ሰዓቱን አየ፣ ተነሳ።

የከተማው ፓምፖች በአዲሱ ማሽን ሠሩ። ሐኪም ቤቱ ውሃ አገኘ። አሁን ግን ትከሻውን የሚመታ ሰው አልነበረም። ኮሪደሩን ተሻግሮ ለሴትዮዋ «ተነሳልኝ» አላት። «እሰይ!» አለችው ከልቧ፤ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ቦርሳዋን ይዛ እየወጣች ነበርና ሮጠች። እሱ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ወደኔ መጥቶ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ የነገረኝ ያኔ ነው። በመጨረሻ «እነዚያን የሰደብኳቸውን ሰዎች ዛሬ ባገኛቸው» አለ። አንዱ በሕይወት እንደሌለ ሁለታችንም እናውቃለን።

ላቀው ወንድሜ፣ ተከራዩ አንተ ነህ።

በአሮጌው ሰፈር የደረሰብህን አውቃለሁ። የተጣላኸው ጎረቤትህ ቤት ለቅሶ ሳትጠራ ሄደህ፣ በሰው ፊት ከድንኳኑ አስወጡህ። ያን ቀን አንዲት እራፊ ጣፍክ፤ ካልጠሩኝ አልሄድም አልክ። አልፈርድብህም። ቁስሉ የእውነት ነበር፣ እራፊዋም ከሌላ ውርደት ጠብቃሃለች። እዚያ ሰፈር ደግሞ የሚጠራ አልጠፋም። ሰው ሲሞት ጡሩምባ ነፊው በየደጁ ይዞራል፤ አንተም ድምፁን ሰምተህ ነጠላህን ለብሰህ ትወጣለህ። መጠበቅህ መልስ ነበረው።

ያ ሰፈር ፈረሰ። አንተ እራፊህን ይዘህ እዚህ መጣህ። እዚህ ጡሩምባ የለም። ሰው ሲሞት እድሩ የደረጃው መግቢያ ላይ ወረቀት ይለጥፋል፤ ያነበበ ይሄዳል። ከአንተ በታች ያለችው ሴት ባሏን ስትቀብር ወረቀቱ ተለጥፎ ነበር። አንተ በአጠገቡ ስትወጣ ስትገባ ሰነበትክ። እሷም በርህን አይታ፣ «ያ ሰውዬ ከሰው መቀላቀል አይወድም፤ አናስቸግረው» ብላለች። እኔ የማዶው ብሎክ ነዋሪ ነኝና ለኔው ነው የነገረችኝ፤ በክፋት አይደለም፣ የምትፈልገው ብቻህን መሆን መስሏት ነው።

ስለዚህ ላቀው፣ አላገለሉህም። አንተ ወደ በሩ ዞረህ መጠራትን ትጠብቃለህ፤ እነሱ ጥሪውን ሰቅለው ጨርሰዋል። በውጭ ላየህ ሰው ጨለማ ነህ። በውስጥህ ግን ሌት ተቀን እየሮጥክ እንደሆነ፣ እንደደከመህም አውቃለሁ። ሌላ አገር ብትሄድ እራፊዋ አብራህ ትሄዳለች። እዚያም በር ታገኛለህ፣ ወደሱም ዞረህ ትቆማለህ።

እግዚአብሔር ለምን ዝም አለኝ ብለህ ብትጠይቀኝ እሱን አላውቅም፤ ያ ከኔ አቅም በላይ ነው። የራሴን ግን ልንገርህ። እስከ ዛሬ «ሰው ላክለት» እያልኩ ነበር የምጸልይልህ። ከዛሬ ጀምሮ «አንገቱን ቀና አድርግለት» እላለሁ።

ዛሬ ጠዋት በደረጃህ መግቢያ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። የማን ለቅሶ እንደሆነ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ አልነግርህም። ከነገርኩህ ጠራሁህ ማለት ነው፤ አብሬህ ከወጣሁም ያው ነው። ቤትህን ለማከራየት ከመነጋገርህ በፊት ሂድና አንብበው። ከዚያ ብቻህን ደረጃውን ውጣና አንኳኳ። ቢያስወጡህ ወደኔ ና፤ እኔ ቤቴ ቁጭ ብዬ እየጸለይኩ ነው የምቆይህ።